ዶክተር ማኬይን ጎጃም ማምጣት፦ የተከታታይ ፊልም ሳይንቲስትን ወደ ራሳችሁ ታሪክ የማሻገር መመሪያ

የሳይንስ ልብወለድ በአማርኛ የምትጽፉ፣ በተለይ ደግሞ ከምትወዱት ተከታታይ ፊልም አንድ ሳይንቲስት አምጥታችሁ ወደ ራሳችሁ ታሪክ ማስገባት የምታስቡ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ሰውየውን ታውቁታላችሁ፣ አገሩን ታውቁታላችሁ። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። እንግዳው ሊቅ ስለሆነ ሁሉን ያውቃል። የገባበት አገር ደግሞ ከጀርባው የተሰቀለ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። አንባቢ እንዲህ ያለውን ታሪክ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይተወዋል።

በእኔ እምነት የሚሻገር ሳይንቲስት በአዲሱ ቦታ መሳሳት አለበት። የሚያርመውም የቦታው ሰው መሆን አለበት። የምነግራችሁ ሁሉ ወደዚህ የሚወስድ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው የስታርጌቱን ዶክተር ሮድኒ ማኬይን ነው። ስታርጌት ሰዎች በአንድ ክብ በር ወደ ሌላ ፕላኔት የሚሻገሩበት የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም ነው፤ በሩም ራሱ ስታርጌት ይባላል። ዴቪድ ህውሌት የሚጫወተው ካናዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በኤስጂ-1 ገባ፣ ወደ አትላንቲስ ተሻገረ፣ በኋላም በዩኒቨርስ ብቅ አለ። አንድ ሰው ሦስት ተከታታይ ፊልም ሲዞር ምን ይዞ እንደሚሄድ፣ ምን ጥሎ እንደሚሄድ በሱ ላይ በደንብ ይታያል። መድረሻው ደግሞ ጎጃም ላይ የምትጽፉት የራሳችሁ ተከታታይ ታሪክ ነው፤ ከጣና እስከ ጮቄ።

ደረጃ 1፦ ከእውቀቱ በፊት ጉድለቱን ጻፉ

ማኬይ መጀመሪያ የታየው በኤስጂ-1 አምስተኛ ሲዝን ነው። ቲልክ የተባለው የቡድኑ አባል በስታርጌቱ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ማኬይ ይመጣና 48 ሰዓት ካለፈ ሰውየው አበቃለት ይላል። የቡድኑ ሳይንቲስት ሳማንታ ካርተር በፍጹም ትላለች። ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ። በመጨረሻ ትክክሏ እሷ ትሆናለች፤ ቲልክም በሕይወት ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2004 አትላንቲስ ሲጀመር ማኬይ ዋና ሳይንቲስት ሆኖ ተሻገረ። ለቦታው አስቀድሞ የታሰበው ሌላ ሳይንቲስት ነበር፤ አዘጋጆቹ ናቸው ሐሳባቸውን ቀይረው ማኬይን ያመጡት። በአዲሱ ፊልም ጓደኛ አገኘ፣ ፍርሃቱን እየዋጠ ሌላውን ማዳን ለመደ። ጉድለቱ ግን አብሮት ተሻገረ። በሁለተኛው ሲዝን ጥንታውያኑ (በሮቹን የሠራው የጥንት ሕዝብ) ጀምረው የተዉትን የኃይል ምንጭ እኔ አሠራዋለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ውጤቱ አንድን የፀሐይ ሥርዓት ከስድስት አምስት እጁን ማጥፋት ነበር።

አያችሁ? ጋላክሲው ተቀየረ፣ ሰውየው ያው ነው። ስለዚህ ወረቀት አውጡና አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው ... ስለሆነ ነው።» ለማኬይ «ስሌቱ ትክክል ከሆነ ዓለሙም እንደ ስሌቱ ይሆናል ብሎ ስለሚያምን ነው» ብዬ እሞላዋለሁ። እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ። ዋናው ነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር መሆኗ ነው። ይቺን ካገኛችሁ ሰውየውን ጨረቃም ላይ፣ ደብረ ማርቆስም ላይ ብታወርዱት አይጠፋችሁም።

ቀጥሎ የሥጋውን ጉዳይ ጨምሩ። ማኬይ ሎሚና ብርቱካን ነክ ነገር ክፉኛ አለርጂክ ነው። ምግብ ሲዘገይበት ስኳሬ ወረደ ይላል። ሁለቱም ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ። ባሕር ዳር ሲደርስ ግን ሁለቱም ትልቅ ይሆናሉ።

ደረጃ 2፦ የሁለቱን ዓለም ሕግ በአንድ ገጽ አስቀምጡ

ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል የመጣበት ዓለም ሕግ ይግባ። የስታርጌት ሕግ ግልጽ ነው። በዚሁ ጋላክሲ ውስጥ ለመሄድ በሩ ላይ ሰባት ምልክት እንደ ስልክ ቁጥር ይደወላል፣ ወደ ሌላ ጋላክሲ ስምንት፣ በዩኒቨርስ ደግሞ ዘጠኝ። ስምንተኛው ከፍተኛ ኃይል ይጠይቃል። በሩ በተለመደው ሁኔታ ከ38 ደቂቃ በላይ ተከፍቶ አይቆይም። ሰውና ዕቃ የሚያልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የሬዲዮ ድምፅ ግን በሁለቱም በኩል ያልፋል።

በቀኝ በኩል የጎጃም ሕግ ይግባ። ጎጃም የገሃዱ ዓለም ስለሆነ ሕግ የለውም የሚሉ አሉ። አይደለም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውሃ እዚያ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ወደ 87 ዲግሪ ይወርዳል። የጣና ጥልቀት ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ግዙፍ የጠፈር መርከብ ሐይቁ ውስጥ ልደብቅ ካላችሁ አይሆንም፤ ጀርባው ይታያል። ሰዓቱ ከጠዋት ይቆጠራል። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አለው።

ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው ያሸንፍ? የአስተናጋጁ ዓለም ያሸንፍ። እንግዳ የቤቱን ሥርዓት ያከብራል።

ደረጃ 3፦ መግቢያውን አቅልሉት

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው ጉልበቱን የሚጨርሰው። መብረቅ ይመታል፣ ሰማይ ይከፈላል፣ ሰውየው ዓባይ በረሃ ላይ ዱብ ይላል። ከዚያ ለምን እንደመጣ ለማስረዳት አምስት ገጽ ይፈጃል።

ጥሩ መግቢያ ከራሱ ከታሪኩ ዕቃ የተሠራ ነው። በስታር ትሬክ፣ የመጀመሪያው ተከታታይ ፊልም መሐንዲስ የነበረው ሞንትጎመሪ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1992 በተላለፈ ክፍል ወደ ኋለኛው ፊልም ተሻግሯል። እንዴት? የወደቀች መርከብ ማጓጓዣ (ሰውን በቅጽበት ከቦታ ወደ ቦታ የሚያሻግር መሣሪያ) ውስጥ ራሱን 75 ዓመት አቆይቶ። ማጓጓዣው ተመልካቹ ለዓመታት የሚያውቀው ዕቃ ነው። ይህን ብልሃት ሊያስብ የሚችለውም መሐንዲስ ነው። መግቢያው ራሱ ሰውየውን ያሳያል።

ለማኬይ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። የስታርጌት ምድር የኛው ምድር ናት። ጎጃምም በውስጧ አለ። ስለዚህ ሌላ ስታርጌት ጎጃም ውስጥ መቅበር አያስፈልግም፤ ብትቀብሩ ደግሞ ምድር ላይ ስላሉት በሮች የተነገረውን ሁሉ ታናጋላችሁ። ከአዲስ አበባ በመኪና ይምጣ። ጎሐ ጽዮን ይድረስ፣ በረሃውን ይውረድ፣ ድልድዩን ይሻገር፣ ወደ ደጀን ይውጣ። የመኪናው ፍሬን እየሸተተው፣ ጆሮው እየተደፈነ፣ ሾፌሩን ሲያስተምር ይምጣ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ዓመቱን ቁረጡ

ይቺን አትዝለሏት። ዡል ቬርን እንኳ ተደናቅፎባታል። ካፒቴን ኔሞን፣ ያን በባሕር ሥር የሚኖረውን መሐንዲስ፣ እሱ ራሱ ከአንዱ መጽሐፉ ወደ ሌላው አሻግሮታል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጉዞው የሚካሄደው ከ1866 እስከ 1868 ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ ታሪኩ በ1865 ይጀምራል፤ ኔሞ ግን አርጅቶ፣ ያ ጉዞ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖት እናገኘዋለን። ከሦስተኛ መጽሐፍ የመጣው አይርተንም እንዲሁ ቁጥሩ አይገጥምም። የቀኖቹን አለመግጠም የሚያነሣ የግርጌ ማስታወሻ እስከ መጨመር ተደርሷል። መጽሐፉ አሁንም ይወደዳል። እኛ ግን ቬርን ስላልሆንን ብንጠነቀቅ ይሻላል።

ለኛ ደግሞ ሥራው እጥፍ ነው፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር አለን። አትላንቲስ የጀመረው በሐምሌ 1996 ዓ.ም. ነው። ያበቃው በጥር 2001 ዓ.ም.። ማኬይን በነዚህ ዓመታት ጎጃም ካመጣችሁት የምታሳዩት ጎጃም የዚያን ጊዜው መሆን አለበት። ዓባይ በረሃ ላይ አዲሱ የህዳሴ ድልድይ የተከፈተው በ2001 መባቻ ስለሆነ፣ ቀደም ብሎ ከመጣ የሚሻገረው በአሮጌው ነው። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ገና ነው፤ ሥራ የጀመረው በ2002 ነው። የታላቁ የህዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋይ የተጣለው በመጋቢት 2003 ነው። ጣና ላይ እምቦጭም ገና አልተወራም። ጢስ ዓባይ ላይ ግን ሁለቱም ማመንጫዎች አሉ።

እኔ ብሆን 1999ን እመርጣለሁ። በስምንተኛው ምልክት ላይ ስንት ኃይል እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው ጢስ ዓባይ ሁለት 73 ሜጋ ዋት ያመነጫል ሲሉት የሚያሳየው ፊት ብቻውን አንድ ትዕይንት ነው። አስጎብኚው በኩራት ሲነግረው ማኬይ ምን ይላል? ዝም ቢል ይሻለው ነበር። አይልም።

ደረጃ 5፦ እንዴት እንደሚናገር ወስኑ

በአማርኛ ስትጽፉ ማኬይ ለማን «አንተ»፣ ለማን «እርስዎ» እንደሚል መወሰን ግድ ነው። የኔ ምርጫ በራሱ ቋንቋ ሲያስብ ሁሉንም «አንተ» እንዲል፣ በአስተርጓሚ ሲናገር ግን አስተርጓሚው እንዲያከብርለት ነው። አስተርጓሚው የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ተማሪ ይሁን። ማኬይ የሚለውንና ልጁ የሚያደርሰውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሁለቱንም ጠባይ ያሳያል። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንዲህ አድርጋችሁ ሞክሩት። ቦታው ጮቄ ነው፤ ጅባራው ቆሟል፣ ጭጋጉ ወርዷል፣ ድንች ተጥዷል። ማኬይ ርቦታል።

«ውሃው እዚህ በ87 ዲግሪ ነው የሚፈላው። ድንቹ በዚህ አያያዝ መቼም አይበስል። ንገራት።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «እማማ፣ ዶክተሩ ድንቹ ይቆይ እንደሆን ነው የሚጠይቁት።»

«ይቆያል እንጂ፣ ጮቄ አይደል እንዴ» አሉ። ጎንበስ ብለው ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን ድፍን ድንጋይ አነሡና ክዳኑ ላይ ጫኑት። «ራበው መሰለኝ። በል ቆሎውን አቀብለው።»

ማኬይ ድንጋዩን አየ። ክዳኑን አየ። እንፋሎቱ በጠርዙ በኩል መውጣቱን ቀነሰ። ግፊት። ቆሎውን ተቀብሎ ዝም አለ።

ቁጥሩን ያወቀው እሱ ነው፤ ድንጋዩን የጫኑት እሳቸው ናቸው። ይህን ሚዛን ጠብቁ። እማማን የፊዚክስ አስተማሪ አታድርጓቸው፤ «የከባቢ አየር ግፊት» ብለው እንዳይናገሩ። ማኬይንም ጅል አታድርጉት። የሱ ብልህነት ድንጋዩን ሲያይ ወዲያው መረዳቱ ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ቦታው ራሱ ይፈትነው

ዛቻ ለመፍጠር የግድ ከጠፈር ጠላት መምጣት የለበትም። ጎጃም ውስጥ ለዚህ ሰው የሚበቃ ፈተና ሞልቷል። ሦስቱን ላሳያችሁ።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። «ታንኳው ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል» ይሉታል። ልጁ የዚያን ቀን አብሮት የለም። ማኬይ ከቀትር በኋላ በሱ ሁለት ሰዓት፣ ያውም ቀድሞ፣ ይደርሳል። ታንኳው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። በሩ ለ38 ደቂቃ ብቻ እንደሚከፈት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደቂቃን ዋጋ ከማንም በላይ እያወቀ ስድስት ሰዓት ይጠፋዋል።

ሁለተኛው ዓሣው ነው። ይቺን በዝርዝር ጻፏት። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር። ቀረሶው ሙሉውን ተጠብሶ ይመጣል፤ ጎኑ በቢላ ተሸንትሯል፣ ጭራው ደርቆ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ከጎኑ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ለሁለት የተቆረጠ ሎሚ። ማኬይ ሎሚውን ያያል። በናፕኪን ይዞ ያነሣዋል፣ ከጠረጴዛው ያርቀዋል፣ እጁን ይጠርጋል። የነካውን ሚጥሚጣ እንኳ ያስቀይራል። ተረጋግቶ ይቀመጣል። አደጋውን አስወግዷል። ስሌቱ ልክ ነው።

ከኩሽና ዓሣውን ያዘጋጀችው ልጅ ግን አንድ ነገር ታውቃለች። ዓሣው ሽታው እንዲለቅ ገና ከመጠበሱ በፊት በሎሚና በጨው ታሽቷል። የተሸነተረው ጎኑ ውስጥ ድረስ። ከሩቅ ቆማ ሰውየው ከሎሚው ጋር ሲታገል ታየዋለች። ከዚያ ትሮጣለች።

ይህ ትዕይንት የማኬይን ጉድለት ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል። የሚታየውን ቆጠረ፣ የማይታየውን አልጠየቀም። ቲልክ ላይ የሆነውም፣ ያ የፀሐይ ሥርዓት ላይ የሆነውም ይኸው ነው። አሁን የተከሰተው ግን ባሕር ዳር ብቻ በሚሆን መንገድ ነው። ያዳነችውም ዓሣ የምታጥብ ልጅ ናት። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ሦስተኛው የቅኔ ቤት ነው። ጎጃም ድረስ አምጥታችሁት ዋሸራን ወይም ዲማን ሳያይ ቢመለስ ያሳዝናል። ሆኖም በጥንቃቄ ግቡበት። የኔታ የጥንታውያኑን ምስጢር የሚያውቁ አስማተኛ እንዳይሆኑ፤ ይህ የተለመደ ድካም ነው፣ ሰዎቹንም አያከብርም። የቅኔ ቤት የራሱ ከባድ ትምህርት አለው። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት፤ የትናንቱን ደግሞ ማምጣት አይቻልም፣ የሌላ ሰውም አይፈቀድም። ማኬይ በራሱ ሥራ ይህን ይረዳል። ደበሎ ለብሶ መሬት ላይ የተቀመጠ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የኔታ ፊት ቆሞ ቅኔው ሲታረምለት፣ ተሳስተሃል ሲባል፣ ዝቅ ብሎ እንደገና ሲጀምር ይይ። አንድ ገጽ። ምንም አይናገር።

ደረጃ 7፦ መፍትሔው ከቦታው ሰው ይምጣ

ታሪኩ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስፈልገዋል። እኔ እንዲህ አደርገው ነበር። ጥንታውያኑ የተዉት አነስተኛ መሣሪያ ጣና ዳር፣ ውሃው በጣም ሲጎድል ብቻ በሚገለጥ ድንጋይ ላይ አለ። ማኬይ የዝናቡን መረጃ ይዞ ያሰላል። ዝናቡ የሚያይለው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ስለዚህ ሐይቁ የሚሞላው ያኔ ነው፣ የሚጎድለውም ዝናቡ ከጠፋ ከጥቂት ወር በኋላ ነው ይላል። በጥር ይመጣል። ድንጋዩ የለም።

ታንኳ የሚሠሩት ሽማግሌ ደንገሉን እያሰሩ ያዳምጡታል። ሐይቅ እንደ ወንዝ አይደለም። ዝናቡ ካለፈ በኋላም ወንዞቹ ይገቡበታል፤ ከፍ የሚለው በመስከረም ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እስከ ሰኔ። ሽማግሌው ይህን የሚያውቁት ታንኳቸውን በየወሩ የት እንደሚያስጠጉ ስለሚያውቁ ነው። ከናንተ ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ጋር፣ አንዲት የውሃ መሐንዲስ ናት እንበል፣ አገናኟቸው። እሷ የሽማግሌውን ቃልና የሐይቁን የከፍታ መዝገብ ታመሳክራለች። ቀኑን የምትቆርጠው እሷ ናት። ማኬይ መጀመሪያ በታየበት ክፍል ካርተር እንዳደረገችው ማለት ነው።

ማኬይ ምን ይሥራ ታዲያ? መሣሪያው ሲገኝ ሥራው የሱ ነው። ማንም ሊያነበው የማይችለውን ያነባል። እንግዳውን ባዶ እጁን አታስቀምጡት፤ ለዚህ ነው ያመጣችሁት።

ደረጃ 8፦ ከመልቀቃችሁ በፊት

ማኬይ የሰው ንብረት ነው፤ ስታርጌት የኤምጂኤም ነው። ለፍቅር ጽፋችሁ ለጓደኞቻችሁ ብታስነብቡ አንድ ነገር ነው። አሳትማችሁ መሸጥ ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም። በኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። መሸጥ የምትፈልጉ ከሆነ ኔሞን አምጡ። ቬርን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ጀልባውን ጣና ማስገባት እንኳ ይከብዳችኋል፤ 14 ሜትሩን አትርሱ።

መጨረሻ ላይ ታሪኩን ስታርጌትን አይቶ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። እናታችሁ ብትሆን በጣም ጥሩ። የት ላይ «ይሄ ደሞ ማነው?» እንዳለች ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ጋ በፊልሙ ላይ ተደግፋችኋል ማለት ነው፣ እንደገና ጻፉት። ዓሣው ጋ ስትደርሱ «ኧረ ሎሚ አለበት!» ብላ ከጮኸች ተሻግሯል። ያን ጊዜ ስሙንም፣ አገሩንም፣ በሽታውንም ቀይራችሁ የራሳችሁ ሳይንቲስት ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለማሳተም ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅባችሁም።